ለአረጋውያን የመጀመሪያ ኮምፒውተር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በዕድሜ ለገፋ ጀማሪ ምን ዓይነት ኮምፒውተር ይሻላል የሚሉ ጥያቄዎች በርክተዋል። አብዛኞቹን የላኩት ልጆች ናቸው። ከአረጋውያኑ ከራሳቸው የመጡትን ግን በተለየ ደስታ ነው ያነበብኳቸው። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። ታብሌት ልግዛላት፣ ላፕቶፕ ወይስ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን?

መልስ፦ ዕቃውን ከመምረጥዎ በፊት ምን ሊሠሩበት እንደሚፈልጉ እናትዎን ይጠይቋቸው። ብዙ ልጆች ይህን ጥያቄ ዘለው ነው ወደ ግዢ የሚሄዱት። ፍላጎታቸው ከልጅ ልጆች ጋር በቪዲዮ መነጋገር፣ ፎቶ ማየትና ዜና ማንበብ ከሆነ ታብሌት ይበቃቸዋል። የሚፈልጉትን በጣት መንካት፣ ቀስት እያንቀሳቀሱ ከማነጣጠር ይቀላል። የስክሪኑ ስፋት ግን ከ10 ኢንች ባያንስ እመርጣለሁ።

ደብዳቤ መጻፍ፣ ቅጽ መሙላት ወይም የሕይወት ታሪካቸውን ማስፈር የሚሹ ከሆነ ግን የጠረጴዛው ኮምፒውተር ይሻላል። 24 ኢንች ያህል ሞኒተር፣ ፊደሎቹ ጎልተው የተጻፉበት ኪቦርድ እና ማውስ ይኑረው። ላፕቶፕን ለጀማሪ አረጋዊ የመጨረሻ ምርጫ አደርገዋለሁ። ስክሪኑና ኪቦርዱ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱን ለዓይን ሲያመቻቹት ሌላው ለእጅ አይመችም፤ በጣት የሚዳሰሰው ሰሌዳም ጀማሪን ያስመርራል። ላፕቶፕ የግድ ከሆነ ማውስ ለብቻው ይገዛለት።

ከሁሉ በላይ የምለው ይህን ነው፦ እናትዎ ሲቸግራቸው የሚደውሉት ለማን ነው? ያ ሰው የሚጠቀመው አይፓድ ከሆነ አይፓድ፣ አንድሮይድ ከሆነ አንድሮይድ፣ ዊንዶውስ ከሆነ ዊንዶውስ ይግዙ። በስልክ «ከታች በስተግራ ያለውን ምልክት ንኪው» ብሎ መምራት የሚችለው ያንኑ ዕቃ በየቀኑ የሚይዝ ሰው ነው። የትኛው ብራንድ ይበልጣል የሚለው ክርክር ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የተውኩት የቆየ ላፕቶፕ አለ። ለአባቴ ልስጠው?

መልስ፦ ሁለት ነገር ይመልከቱ። የመጀመሪያው ፍጥነቱ ነው። ውስጡ ያለው የድሮው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ከሆነ በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ማከማቻ) ያስቀይሩት፤ ራሙም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) 8 ጊጋባይት ቢሆን ጥሩ ነው። ቀርፋፋ ኮምፒውተር ጀማሪን ያሳስታል፦ የጫኑት ነገር ወዲያው ካልተከፈተ ያልተጫነ መስሏቸው ደጋግመው ይጫናሉ፤ ከዚያ አምስት መስኮት በአንድ ጊዜ ይደረደርባቸዋል።

ሁለተኛው ሲስተሙ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ፣ የደኅንነት ማሻሻያውን ጨምሮ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ከሆነ እንደ ሊነክስ ሚንት ያለ ነጻ ሲስተም ሊጫንበት ይችላል፤ ይህን የምመክረው ግን ሊነክስን የሚያውቅ ሰው በቅርብ ካለ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ማውስ መያዝ አልሆነለትም። ፋይል ለመክፈት ሲሞክር ወደ ሌላ ቦታ ይጎትተዋል። ተናዶ ትቶታል።

መልስ፦ ጥፋቱ የአባትዎ አይደለም። ሁለት ጊዜ አከታትሎ መጫን የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ማውሱ ከቦታው ፈቀቅ ማለት የለበትም። አጠገባቸው ተቀምጠው እጃቸውን ይመልከቱ። ማውሱን አጥብቀው ይጨብጡታል፤ ጣታቸው ወደ ታች ሲጫን መዳፋቸው ደግሞ ማውሱን ወደፊት ይገፋዋል። ቁልፉ እንደተጫነ ማውሱ ከተንሸራተተ ኮምፒውተሩ «ጎትት» የተባለ ይመስለዋል።

ስለዚህ ሁለቴ መጫንን ጨርሶ ያስቀሩላቸው። በዊንዶውስ የፋይል ኤክስፕሎረር አማራጮች ውስጥ ፋይል በአንድ ጊዜ ጠቅታ እንዲከፈት የሚያደርግ ምርጫ አለ። አንዴ ጠቅ አድርጎ «ኢንተር» መጫንም ያው ነው። የቀስቱን ፍጥነት ቀንሱ፤ መጠኑን አሳድጉ። ማውሱም መዳፍ የሚሞላ ይሁን፤ ለጉዞ የሚሠሩት ትንንሾቹ ለዚህ አይሆኑም። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ትራክቦል ይሞክሩ፤ ኳሱ ብቻ ነው የሚሽከረከረው፣ ዕቃው ከቦታው አይነሳም። መንቀጥቀጡ በቅርቡ የጀመረ ከሆነ ግን ከማውሱ በፊት ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ 68 ዓመቴ ነው። ፊደሉ አነሰብኝ ብል ሪዞሉሽኑን (የስክሪኑን የምስል ጥራት) ዝቅ አደረጉልኝ፤ አሁን ደግሞ ደበዘዘብኝ። ስሠራም አንገቴን ያመኛል።

መልስ፦ ሪዞሉሽኑ ወደነበረበት ይመለስ። በዊንዶውስ ሴቲንግ «ዲስፕሌይ» በሚለው ስር «ስኬል» የሚባለውን ወደ 125 ወይም 150 በመቶ ከፍ ያድርጉት፤ ሁሉም ነገር ሳይደበዝዝ ያድጋል። ድረ ገጽ ሲያነቡ «ኮንትሮል»ን ይዘው የመደመር ምልክቱን ቢጫኑ ገጹ ይሰፋል፤ በዜሮ ወደ ቦታው ይመለሳል።

የአንገትዎ ሕመም ምናልባት ከመነጽርዎ ጋር ይያያዝ ይሆናል። የቅርቡም የሩቁም በአንድ መስተዋት ላይ ያለበት መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች በታችኛው ክፍል ለማንበብ አገጫቸውን ቀና ያደርጋሉ፤ በዚያ ሁኔታ አንድ ሰዓት መቀመጥ አንገት ይጎዳል። ሞኒተሩን ዝቅ አድርገው ትንሽ ወደ ኋላ ያጋድሉት። ለኮምፒውተር ርቀት ብቻ የሚሆን መነጽርም አለ፤ የዓይን ባለሙያዎን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ እናቴ የይለፍ ቃሎቿን ደብተር ላይ ትጽፋለች። ልከልክላት?

መልስ፦ አይከልክሏቸው። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ደብተርን የሩቅ ሌባ አያገኘውም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፦ ስክሪኑን ሞልቶ እየጮኸ «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተይዟል፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» የሚለው ማጭበርበሪያ። በዚያው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ይጻፉላቸው፦ «አልደውልም፤ ማጥፊያውን እስኪጠፋ ተጭኜ እይዛለሁ፤ ከዚያ ለልጄ እደውላለሁ።» በየቀኑ የሚጠቀሙበት አካውንትም የአስተዳዳሪነት ሥልጣን (የኮምፒውተሩን ዋና ዋና ነገሮች የመቀየር ፈቃድ) የሌለው ይሁን። ፀረ ቫይረስ መግዛት አያስፈልግም፤ ዊንዶውስ የራሱ አለው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ኮምፒውተር ገዙልኝ። እንዳላበላሸው እየፈራሁ አልነካውም። የቸገረኝን ሳሳያቸውም ማውሱን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ይጨርሱታል።

መልስ፦ አባቴ፣ ልጆችዎ ይህን እንዲያነቡ ያድርጉ፦ የተማሪውን ማውስ አትንኩ። በቃል ምሩ፤ ቢዘገይም ጠብቁ። የእጅ ልምድ የሚገኘው በራስ እጅ ብቻ ነው።

ስለ ፍርሃትዎ ግን ዛሬውኑ አንድ ነገር ይሥሩ። አዲስ ጽሑፍ ይክፈቱ፣ ስምዎን ይጻፉ፣ ዴስክቶፑ (ኮምፒውተሩ ሲከፈት የሚታየው ዋናው ገጽ) ላይ ያስቀምጡት። ከዚያ ሆን ብለው ያጥፉት። የቆሻሻ ቅርጫት ምስል ያለበትን ምልክት ሲከፍቱ ፋይሉን እዚያው ያገኙታል፤ በቀኝ ጠቅታ «ሪስቶር» ሲሉት ወደ ነበረበት ይመለሳል። በስሕተት የደመሰሱትን ቃል ደግሞ «ኮንትሮል» እና «ዜድ» አንድ ላይ ሲጫኑ ይመልሱታል። እነዚህን ሁለቱን እጅዎ እስኪለምዳቸው ድረስ ይደጋግሟቸው፤ ኢንተርኔቱን በሚቀጥለው ሳምንት ይጀምሩታል።