የጣርማ በር ጉም የሚነሳው ከሸዋ ሮቢት ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። በሚቀጥለው ቅዳሜና እሁድ 11 ሰው በሚኒባስ ይዘሽ ከአዲስ አበባ ልትመጪ ነው። ቅዳሜ ጣርማ በር ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ቆላውን ልታዩ፣ ጭላዳ ፎቶ ልታነሱ፣ ደብረ ሲና ልታድሩ፣ እሁድ ወፍ ዋሻ ጫካ ልትገቡ። "ስልኬ ደብረ ብርሃን ላይ ሁለቱንም ቀን ፀሐይ ነው ይላል፣ ልመነው ወይ?" ነው ያልሽው። ግማሹ ሰው "ነይ ምንም ችግር የለም" ብሎሻል፣ ግማሹ ደግሞ "መጋቢት በልግ ነው፣ ተይው"። እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። መምጣቱን ነይ፣ ግን ፕሮግራምሽን ገልብጪው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ሲና ነው። 13 ዓመት አይሱዙ ነድቻለሁ። ከታች ቆላው ላይ ካለችው ሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ እየጫንኩ ወደ ደብረ ብርሃን፣ አንዳንዴም እስከ አዲስ አበባ። አሁን ወገቤ እምቢ ስላለኝ ሱቅ ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ጉሙን ግን በየቀኑ ከሱቄ በር ላይ አየዋለሁ።

አንድ የካቲት ላይ ከደብረ ብርሃን ባዶዬን ወደ ሮቢት እየሄድኩ ነበር። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰሃን ጠርቷል። ረዳቴ መስኮቱን ከፍቶ ያፏጫል። የጣርማ በሩ የመኪና ዋሻ ውስጥ ገባን፣ ያ ጣሊያን በወረራው ጊዜ የፈለፈለው፣ 587 ሜትር የሚረዝመው። በወዲያኛው አፍ ብቅ ስንል ዓለም የለችም። ነጭ ብቻ። የመኪናዬን አፍንጫ እንኳ ማየት አቃተኝ። ረጅም መብራት ሳበራ ጭራሽ ባሰ፣ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ፊቴ ላይ መለሰልኝ። ረዳቴን "ውረድና ከፊት ከፊቴ ሂድ" አልኩት። ወረደ። ሦስት እርምጃ ሄዶ ጠፋ። ለካ ነጭ ጋቢ ለብሷል! ጮኼ ጠራሁትና ከጭነቱ ቦታ ባዶ የሽንኩርት ከረጢት አወጣን፣ ቀዩን። ጋቢው ላይ ደረበው። እንደዚያ ሆነን፣ እሱ የአስፋልቱን ጠርዝ በእግሩ እየዳበሰ፣ እኔ ቀይ ከረጢት እየተከተልኩ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ለማትሞላ መንገድ ግማሽ ሰዓት ፈጀን። መሃል ላይ መብራት ያላበራ የጭነት መኪና ከታች መጥቶ የጎን መስታወቴን ይዞት ሄደ። እሱም አልቆመ፣ እኔም አልተከተልኩት። የት አይቼው?

ያን ቀን ማታ ሮቢት ሽንኩርት የሚያስጭነኝ ሽማግሌ ነገሩን ስነግረው ሳቀብኝ። "እዚህ እኮ ከትናንት ጀምሮ ወበቅ ነው፣ ወበቁ ወዴት የሚሄድ መሰለህ?" አለኝ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። የጣርማ በር ጉም ከሰማይ የሚወርድ ይመስለናል፣ ግን ከታች ነው የሚወጣው። ከዚያ ወዲህ ከደብረ ብርሃን ከመነሳቴ በፊት የምደውለው ሮቢት ነበር። "እንዴት ዋለ?" እላለሁ። "ደረቅ ሐሩር ነው" ካሉኝ እያፏጨሁ እወርዳለሁ። "ይወብቃል፣ ሸሚዝ ገላ ላይ ይጣበቃል" ካሉኝ ደብረ ብርሃን ሻይ እደግማለሁ።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባህር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በመሃላቸው ያለው እንደ ግድግዳ የቆመ ተራራ ነው። በበልግ፣ ማለትም ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ይመጣል። ከህንድ ውቅያኖስና ከኤደን ባህረ ሰላጤ በኩል እርጥበት ተሸክሞ አፋርን አቋርጦ ይህ ግድግዳ ላይ ይደርሳል። መሄጃ የለውም፣ ሽቅብ ይወጣል። አየር ሲወጣ በየ100 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ የያዘው እርጥበት ወደ ጠብታ ይለወጣል፣ ያ ነው ጉም። ሮቢት ላይ ቆመሽ ሽቅብ ብታዪ ደመና ትይዋለሽ። ጣርማ በር ላይ ያለው ሰው ግን ውስጡ ነው። ደብረ ብርሃን ከግድግዳው ጀርባ ሜዳው ላይ ተኝታለች፣ ስለዚህ ፀሐይ እየሞቀች ምንም አታውቅም። ስልክሽ ዋሽቶሽ አይደለም፣ የጠየቅሽው ቦታ ነው የተሳሳተው።

የወንድሜ ልጅ ደቡብ አፍሪካ ደርባን ነው የሚኖረው፣ ባህሩ ዳርቻ ላይ። ማዕበል ላይ በሳንቃ የሚንሸራተቱ ጓደኞች አሉት። እነሱም ነገ ሞገዱ እንዴት እንደሚሆን ለማወቅ ፊታቸው ያለውን ሰማይ አያዩም አለኝ። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ደቡብ ውቅያኖስ ላይ የተነሳ አውሎ ነፋስ ነው የሚከታተሉት፣ ሞገዱ ተልኮ የሚመጣው ከዚያ ነዋ። ከዚያ በኋላ ነው የቦታውን ነፋስና የባህሩን ሙላት የሚያዩት፣ በተለይ ከታች አለት ያለበት ቦታ ላይ ውሃው ከጎደለ አደጋ ስለሆነ። እኔ ዋና እንኳ አልችልም፣ ግን ወዲያው ገባኝ። የእኛው ሮቢት ነው።

አሁን ወደ ስልክሽ። የአየር ሁኔታ መተግበሪያው ላይ ሸዋ ሮቢትን ፈልጊ። ሁለት ቁጥር ውሰጂ፣ የከሰዓቱን ሙቀትና ዲው ፖይንት የሚለውን። ዲው ፖይንት ማለት አየሩ እዚያ ዲግሪ ድረስ ከቀዘቀዘ ጤዛ ይጀምራል ማለት ነው። ሁለቱን ቀንሺ። የቀረውን በ125 አባዢ። የሮቢትን ከፍታ፣ 1,300 ደምሪበት። የሚወጣልሽ ቁጥር የደመናው ሆድ በስንት ሜትር ላይ እንደሚሆን በግምት ይነግርሻል። ለምሳሌ ሙቀቱ 29፣ ዲው ፖይንቱ 12 ከሆነ ልዩነቱ 17 ነው፣ በ125 ሲባዛ 2,125፣ ሲደመር 3,425። ጣርማ በር ከደመናው በታች ነው፣ ታያላችሁ። ሙቀቱ 27፣ ዲው ፖይንቱ 16 ከሆነ ግን 2,675 ይወጣል። ያን ቀን አፋፉ ላይ የምታዪው የራስሽን ጫማ ነው።

"ጣርማ በርን ራሱን ለምን አልፈልግም?" ትይ ይሆናል። ሞክሪው፣ ይመጣል። ግን ጥሩ የሚባሉት የትንበያ ሞዴሎች እንኳ ምድርን በካሬ በካሬ ቆራርጠው ነው የሚያሰሉት፣ የአውሮፓው 9 ኪሎ ሜትር በ9 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ሌሎቹ ከዚያም ይሰፋሉ። በ9 ኪሎ ሜትር ውስጥ እኛ ጋ አፋፉም ቁልቁለቱም ይገባል። ካሬው ሁሉንም አማክሎ አንድ ተራራ ያደርገዋል፣ የሌለ ተራራ። ሮቢት በንጽጽር ሜዳ ናት፣ ቁጥሯ ብዙም አይሳሳትም።

ዛሬ ጠዋት ያየሁትን ልንገርሽ። ለቅዳሜ ከሰዓት ሮቢት ሙቀቱ 28፣ ዲው ፖይንቱ 15 ይላል፣ ነፋሱ ከምሥራቅ። ሂሳቡን ስሪው፣ 2,925። ደብረ ሲና ቆብ ደፍታ ትውላለች፣ ጣርማ በር ውስጡ ነው። ለእሁድ ግን ዲው ፖይንቱ ወደ 11 ይወርዳል፣ ሙቀቱ 30 ይደርሳል። 3,675። ንጹሕ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጫካ፣ እሁድ አፋፍ። ጫካ ለመግባት እይታ አያስፈልግሽም፣ እንዲያውም ወፍ ዋሻ በጉም ሲሆን ነው የሚያምረው። ያ ሁሉ ጽድና ዝግባ ግማሹ ታይቶ ግማሹ ተሸፍኖ ሲቆም፣ ቤተ ክርስቲያን የገባሽ ነው የሚመስልሽ። ግን ገና ስድስት ቀን አለ፣ ቁጥሩ ይለዋወጣል። ሐሙስ ማታ እንደገና እዪው። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የ10 ቀን ትንበያም አንብቢ፣ ለአንድ ቀን ሳይሆን የሳምንቱ እርጥበት ወዴት እያዘነበለ እንደሆነ ለማወቅ።

ሰዓቱ ደግሞ ከቀኑ እኩል ነው። ያ ሂሳብ የሚሰራው ለከሰዓት ነው። ጠዋት ቆላው ገና አልሞቀም፣ አየሩ አልተነሳም፣ ጉሙ ታች እንደተኛ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት አፋፉ ላይ ከቆምሽ ከእግርሽ ስር የጉም ባህር ነው የምታዪው፣ የተራሮቹ ጫፍ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ብሎ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ መንቀሳቀስ ይጀምራል። መጀመሪያ ከሸለቆው አንድ ቀጭን ጭራ ትወጣለች። እሷን ስታዪ ዕቃ መሰብሰብ ጀምሩ፣ ከዚያ በኋላ ሩብ ሰዓትም ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ እሁድ ቁርስ በልተን እንነሳለን እንዳትሉ፣ ከደብረ ሲና 12 ሰዓት ላይ ሽቅብ መነሳት ነው።

ጭላዳዎቹም ለዚህ ሰዓት ይመቻሉ። ሌሊቱን ገደሉ ላይ ያድራሉ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲነካቸው ወደ ላይ ወጥተው ሳር ይነጫሉ። ጉም ከገባ ድምፃቸውን ብቻ ነው የምትሰሚው፣ ሳሩን ቅጭ ቅጭ ሲያደርጉ፣ አንዳንዴ ከሁለት ሜትር ርቀት። ያኔ ነው ሰው "ትንሽ ልጠጋ" ብሎ ወደ አፋፉ የሚሄደው። በጉም ውስጥ አፋፉ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ጉም ሲገባ ሁሉም ባለበት ይቀመጥ፣ አንቺ ቁጠሪ፣ ከዚያ ወደ አስፋልቱ። በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ወፍ ዋሻን በተመለከተ፣ ስልኩ "ዝናብ 0 ሚሊ ሜትር" ብሎ ትበሰብሳላችሁ። ጉሙ ቅጠሉ ላይ ይያዝና ጠብታ ሆኖ ይወርዳል፣ ሜዳው ደርቆ ዛፉ ስር ያካፋል። ጂንስ አትልበሱ፣ ከረጠበ አይደርቅም፣ ብርዱም አጥንት ድረስ ነው። ትርፍ ካልሲ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ። መንገዱ ያንሸራትታል፣ ምርኩዝ አይናቅም። ከአካባቢው ሰው መሪ ውሰዱ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ሳይሆን ውጡ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ደግሞ ከከፍታው ውረዱ፣ ፎቶው ይቅር።

ለሹፌራችሁ ንገሪው። ጉም ውስጥ አጭር መብራት ብቻ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ፣ ፍሬን ላይ ተኝቶ አይሆንም። እየሄደ አራቱንም ፍሬቻ አያብራ፣ ከኋላ ያለው ቆመሃል ብሎ ሊያልፍህ ይሞክራል። ዋሻው ውስጥ ሲገባ ፀሐይ ቢሆንም በወዲያኛው በኩል ጉም አለ ብሎ ይግባ። የመንገዱን ሰላም ነገር ደግሞ በዋዜማው የሚመላለሱ ሹፌሮችን ጠይቂ፣ እሱ በዲው ፖይንት አይሰላም።

ሂሳቤ ሁሌ ልክ ነው አልልሽም። ማታ ዝናብ ጥሎ ካደረ ምድሩ ራሱ ይተነፍሳል፣ ጠዋትም ጉም ይሆናል። ክረምት ላይ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል፣ ዝናቡ ከደብረ ብርሃን በኩል ይመጣል፣ ከሰዓት በረዶም ይጥላል፣ ሮቢትን መጠየቅ ብዙ አይረዳም። ጥቅምትና ኅዳር ብትመጡ እይታው ከሁሉ ይሻል ነበር፣ ደብረ ብርሃን ላይ የሌሊቱን ውርጭ ከቻላችሁት።

ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ላይ እዚሁ ጻፊልኝ። ሮቢት ደውዬ ወበቅ ይሁን ሐሩር ጠይቄ እነግርሻለሁ። ቅዳሜ ስትደርሱም ቆሎ ከመንገድ ዳር ልጆች ግዙ፣ የእኔ ሱቅ ያለው ቆሎ ያረጀ ነው።