ቀይ እስክሪብቶ ይቅር ወይስ ይቆይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። አንድ ወላጅ «የልጄ ደብተር ደም መሰለ» ብለው ተቆጡ፤ ርዕሰ መምህሩም «ቀይ እስክሪብቶ ተው» አሉህ። እውነት ልተወው ወይ ነው ያልከው። እዚሁ ባህር ዳር አማርኛ ሳስተምር 19 ዓመቴ ነው። እኔ ብሆን አልጥለውም፤ ግን እቆጥበዋለሁ።

መጀመሪያ ለወላጁ ልፍረድላቸው። ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ሒሳብ 42 አምጥቼ ነበር። ያኔ እኛ ትምህርት ቤት ከ50 በታች ካርድ ላይ የሚሞላው በቀይ ነው። እናቴ ፊደል አትለይም፤ ቀይ ግን ትለያለች። ካርዱን ገለጥ አደረገችና ጣቷን ቀዩ ላይ አሳርፋ «ይቺ ምንድን ናት?» አለችኝ። ምን ብዬ ልዋሽ?

ፔዳ፣ ማለትም ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ የሚማረው የእህቴ ልጅ ባለፈው ሁለት ጥናት አነበበልኝ። አንዱ በፈረንጆቹ 2010 የወጣ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ያረሙ ሰዎች ሰማያዊ ከያዙት ይልቅ ብዙ ስህተት አገኙ፤ ማርክም ቀነሱ። ሁለተኛው የ2013 ነው፤ ኮሎራዶ ውስጥ 199 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጠይቀው ነበር። በቀይና በውሃ ሰማያዊ የተጻፈ እርማት ታያቸው። በቀይ የጻፈው መምህር ለተማሪ የማይቀርብ ሰው መሰላቸው። የእኛ 65 ልጅ የታጨቀበት ክፍል ሌላ ዓለም ነው፣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ግን አስደነገጠኝ። ልጁን ሳይሆን አራሚውን ነው የሚናገረው። እኔን ማለት ነው።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ አባቷ ጣና ላይ ዓሣ አስጋሪ ነው። «ድርሰት ጻፉ» ስል ስለ አባቷ ጻፈች። በሌሊት ታንኳ ይዞ መውጣቱን፣ መረቡን ሲጎትት እጁ እንዴት እንደሚሰነጣጠቅ፣ አምባዛ እንዴት እንደሚያንሸራትት። ሁለት ገጽ ሙሉ! እኔ ምን አደረግኩ? «አሳ» ብላ ስለጻፈች በቀይ ሰርዤ «ዓሣ» አልኳት። አሥራ አንድ ቦታ ላይ። አንዱ ብቻ ይበቃ ነበር እኮ። ሐይቁ ዳር ያሉት ምግብ ቤቶች እንኳን አንዱ «አሳ»፣ አንዱ «አሣ»፣ አንዱ «ዓሣ» ብሎ ነው ማስታወቂያ የሚሰቅለው። በሚቀጥለው ድርሰት አራት ዓረፍተ ነገር ጽፋ አስረከበችኝ። ስለ መስቀል ወፍ። ዓሣ የሚል ቃል አንድም የለበትም።

ጥፋቱ የቀለሙ ነው ልበል? በሰማያዊም አሥራ አንድ ጊዜ ብሰርዝ ያው ነበር። ቀይ በራሱ ክፉ ቀለም አይደለም። አንዴ ልጆች ይዘን በጀልባ ዘጌ ሄድን፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አንድ አባት የብራና መጽሐፍ ገለጡልን። አንዱ ተማሪዬ ቀዩን ጽሕፈት አይቶ «አባ፣ ይሄ ሁሉ ስህተት ነው?» አላቸው። ሳቁ። «ልጄ፣ የእመቤታችን ስም ነው። ለክብር ነው በቀይ የሚጻፈው» አሉት። ልጁን ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ቀይ ካየ ስህተት ብቻ ነው የሚታየው።

ታዲያ ለምን አልጥለውም? ሰማያዊ ሞክሬ ተሸውጃለሁ። አንድ ሴሚስተር ፈተና በሰማያዊ አረምኩ። አንዱ ጎረምሳ 4ቷን 9 አድርጎ «ቲቸር፣ ሮስተር ላይ ተሳስተዋል» ብሎ መጣ። ሌላው ኤክሷን ራይት አደረጋት፤ ሥራዋ ያማረ ነው፣ ልክድ አልችልም። ልጆቹ የሚጽፉት በሰማያዊ ነው፤ የኔን ከነሱ መለየት አቃተኝ። ስለዚህ ፈተና ላይ ቀይ ነው፣ አለቀ።

ድርሰት ላይ ግን እንዲህ አደርጋለሁ። በአንድ ድርሰት አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ እመርጣለሁ። ዛሬ ነጥብና ሰረዝ፣ ሌላ ቀን ፊደል። የተደጋገመውን የመጀመሪያው ላይ ብቻ አሰምርበታለሁ፤ የቀረውን ራሱ ይፈልገው። ከታች ስለ ሐሳቡ አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ «መረቡን ስትገልጪ እጄን አመመኝ» ዓይነት። «ጎበዝ» ብቻ አትበል፣ ለሁሉም ስለምንለው አያነቡትም። ያንን መስመር በቀይ ነው የምጽፈው፣ ሆን ብዬ። 65 ደብተር በአንድ ሌሊት አይታረምም፤ በቀን 13 እወስዳለሁ፣ ዓርብ ላይ ያልቃል።

ርዕሰ መምህሩን አትሟገታቸው። ለደብተር በአረንጓዴ አርም፣ ለፈተና ቀዩን ይፍቀዱልህ፤ የ4ና የ9ኙን ታሪክ ከነገርካቸው እሺ ይላሉ። እና ቀዩን የሸሚዝ ኪስህ ውስጥ አትያዘው። በሚያዝያ ሙቀት ይተፋል፤ ሁለት ነጭ ሸሚዝ ከስሬያለሁ።