ሥራ አጥ፣ ሥራ ፈት ወይስ ፍለጋ ያቆመ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። በ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) ቀውስ ጎረቤቴ ከሥራ ተቀነሰ። ከዓመት በላይ ፈልጎ ሲሰለቸው ተወው። መንግሥት ግን እንዲህ ያለውን ሰው «ሥራ አጥ» ብሎ አይቆጥርም አሉ። ታዲያ በአማርኛ ምን ልበለው? ሥራ ፈት?

መልስ፦ ኧረ «ሥራ ፈት» እንዳይሉት፣ ይቀየምዎታል! «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚለውን ተረት ያስታውሱ። ሥራ የፈታ ሰው በገዛ እጁ የተወ፣ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠ ነው። ቃሉ ወቀሳ አለበት። «ቦዘኔ» ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

«አጣ» ሌላ ነው። «ቁልፌን ፈልጌ አጣሁት» እንላለን። ሁልጊዜ ፍለጋ አለበት ማለቴ አይደለም፤ እናቱን ያጣ ልጅ ፈልጎ አይደለም ያጣት። ሥራ ላይ ሲመጣ ግን ፍለጋው ቃሉ ውስጥ ይሰማኛል። የአሜሪካ ቆጣሪዎችም፣ በጊዜያዊነት ተቀንሶ ጥሪ ከሚጠብቀው በቀር፣ ሥራ አጥ የሚሉት ባለፉት 4 ሳምንታት ሥራ የፈለገውን ነው። ፍለጋውን የተወ ከ«ሥራ ኃይል» ይወጣል። የሥራ ኃይል ማለት የሚሠራውና የሚፈልገው ሲደመር ነው።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከ100 ሰው 10ሩ ሥራ አጥ ናቸው እንበል። 5ቱ ተስፋ ቆርጠው ቤት ቢቀመጡ፣ የቀሩት ሥራ አጦች ከ95 ሰው 5 ናቸው። ከ10 በመቶ ወደ 5 በመቶ ግድም ወረደ ማለት ነው። ሥራ ያገኘ ግን አንድም የለም! አሜሪካ ውስጥ ሥራ አጥነት በጥቅምት 2009 (እ.ኤ.አ.) 10 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በ2013 መጨረሻ ከ7 በመቶ በታች ወረደ። የሥራ ኃይል ተሳትፎ፣ ማለትም ከአዋቂው ሕዝብ ውስጥ በሥራ ኃይሉ ያለው ድርሻ፣ ግን ቀውሱ ሲጀምር ከነበረበት 66 በመቶ ወደ 63 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር። ሁሉም ተስፋ ስለቆረጠ አይደለም፤ ብዙ ሰው ጡረታ ወጥቷል፣ ትምህርት ቤት የገባም አለ።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ባል ሲቀነስ ቤት የነበረች ሚስት ሥራ ፍለጋ ትወጣለች። እስክታገኝ ድረስ እሷም «ሥራ አጥ» ተብላ ትቆጠራለች፤ ትናንት ግን አልነበረችም።

ለጎረቤትዎ እኔ የምመርጠው «ፍለጋ ያቆመ» ነው። «ተስፋ የቆረጠ» የሚሉም አሉ፤ ስህተት አይደለም፣ ግን የሰውየውን ልብ እኛ ምን እናውቃለን? በወሬ መሃል ከሆነ ደግሞ «ሥራ አጥቶ ቤት ተቀመጠ» ይበሉ። ማንም ይገባዋል።