ሚኒስትሩ ራሳቸው ናቸው የደወሉት?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰውን ድምፅና መልክ መቅዳት ከጀመረ ወዲህ በዲፕሎማሲ ሥራ ላይ ካሉ አንባቢዎቻችን የሚደርሱን ጥያቄዎች በርክተዋል። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርገን አራቱን እንመልሳለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኤምባሲ ውስጥ በጸሐፊነት እሠራለሁ። አለቃዬ ከሌላ አገር ባለሥልጣን ጋር በቪዲዮ ሲነጋገሩ ማዶ ያለው ሰው እውነተኛው መሆኑን በምን ላውቅ እችላለሁ? የዓይኑን አረጋገብና የከንፈሩን እንቅስቃሴ መከታተል ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። አለመርገብገብ የመጀመሪያዎቹ ዲፕፌኮች (በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ሐሰተኛ ምስሎችና ድምፆች) ጉድለት ነበር፤ አሁን ተስተካክሏል። በዚያ ላይ የኢንተርኔት መስመር ሲደክም የእውነተኛ ሰውም ምስል ይደበዝዛል፣ ድምፁም ከከንፈሩ ወደ ኋላ ይቀራል። በዓይን ብቻ የሚፈርድ ሰው ሐሰተኛውን ያሳልፋል፣ እውነተኛውን እንግዳ ያስቀይማል። ፊትን ወደ ጎን ማዞር ወይም እጅን በፊት ላይ ማሳለፍ አንዳንዴ በፊቱ ላይ የተጫነውን ሐሰተኛ መልክ ያዛባዋል፤ ግን ሚኒስትርን እንዲህ አድርጉ ማለት በፕሮቶኮል አይመችም፣ ቢያደርጉትም ማረጋገጫ አይሆንም።

በጁን 2022 የሆነውን ይመልከቱ። የበርሊን፣ የማድሪድና የቪየና ከንቲባዎች የኪየቭ ከንቲባ ቪታሊ ክሊችኮን መስሎ ከቀረበ ሰው ጋር በቪዲዮ ተነጋገሩ። በመጀመሪያ ዲፕፌክ ነው ተባለ። በኋላ የጀርመን ጋዜጠኞች ምስሉን ሲመረምሩ፣ ክሊችኮ ቀደም ሲል ከሰጡት እውነተኛ ቃለ ምልልስ ተቆራርጦ የተቀጣጠለ ሳይሆን እንደማይቀር ደረሱበት። ፊቱ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ዲፕፌክ የሚለይ ሶፍትዌር የሚይዘው ነገር ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ዋናው ምርመራ መደረግ ያለበት ጥሪው በመጣበት መንገድ ላይ ነው።

ቀጠሮው እንደ ደረሰዎ ግብዣው በምን እንደ መጣ ይዩ። ከማያውቁት ኢሜይል፣ ከግል ስልክ ወይም በመልእክት መላኪያ መተግበሪያ ከሆነ፣ ለዚያው መልስ ሰጥተው «እርስዎ ነዎት?» ብለው አይጠይቁ፤ የሚመልሰው ያው ላኪው ነው። ቀድሞ በእጅዎ በነበረ ቁጥር ለባለሥልጣኑ ጽሕፈት ቤት ይደውሉ፤ ወይም እርስዎ ባሉበት ከተማ የሚገኘውን የዚያን አገር ኤምባሲ ጠይቀው በቬርባል ኖት (ኤምባሲዎችና ሚኒስቴሮች በሚለዋወጡት ይፋዊ ማስታወሻ) ያስረግጡ። ስለ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የተደረገው የ1961ዱ የቪየና ስምምነት አንቀጽ 41 ይፋዊ ጉዳይ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ወይም ከዚያው ጋር ስምምነት በተደረሰበት ሌላ መሥሪያ ቤት በኩል እንዲሄድ ያዛል። ይህ ብዙዎች እንደ ጓዝ የሚያዩት አሠራር ዛሬ ከሁሉ የተሻለ መከላከያችን ሆኗል።

አዘውትረው ለሚነጋገሩ ሰዎች በአካል ሲገናኙ የመለያ ቃል መስማማት ይጠቅማል። ቃሉ በኢሜይል ወይም በስልክ ከተላለፈ ግን ዋጋ የለውም። በስክሪን ላይ የሚታይ ስምም ማንነትን አያረጋግጥም። በ2025 አንድ አስመሳይ የአሜሪካውን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የማርኮ ሩቢዮን ድምፅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስመስሎ፣ ሲግናል በተባለው የመልእክት መተግበሪያ ሦስት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮችን ጨምሮ ቢያንስ አምስት ባለሥልጣናትን ለማግኘት ሞክሯል። ስሙን የጻፈው የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል አስመስሎ ነበር፤ ያ ቦታ ግን ማንም የፈለገውን የሚሞላበት ነው። ድምፁን ማግኘት ደግሞ ቀላል ነው። ማይክሮሶፍት በጃንዋሪ 2023 ያስተዋወቀው ሞዴል ድምፅን ለማስመሰል 3 ሰከንድ ቅጂ ይበቃው ነበር፤ የሚኒስትር ንግግር ደግሞ በሰዓታት ተቀድቶ በየድረ ገጹ አለ።

ጥርጣሬው በንግግሩ መካከል ቢመጣስ? በሴፕቴምበር 2024 የአሜሪካ ሴኔት የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ቤን ካርዲን በዙም ያነጋገሩት ሰው በመልክም በድምፅም በቅርቡ ከሥልጣን የለቀቁትን የዩክሬን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዲሚትሮ ኩሌባን ይመስል ነበር። ያጋለጠው የጥያቄው ዓይነት ነው፤ ስለ ረጅም ርቀት ሚሳኤል አቋማቸውን በግልጽ እንዲናገሩ ይወተውት ጀመር። ሴናተሩ ጥሪውን አቋረጡ፣ ሠራተኞቻቸውም ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ አስታውቀው ሐሰትነቱ ተረጋገጠ።

እርስዎም በስብሰባው ይገኙ፤ አለቃዎ ሲናገሩ እርስዎ የሚጠየቀውን ነገር ያዳምጡ። እንግዳው ከባሕርዩ ውጭ ከቸኮለ፣ ተቀድቶ ቢወጣ የሚያሳፍር መልስ ካሳደደ ወይም «ይህ በኛ መካከል ይቅር» ካለ ለአለቃዎ ምልክት ይስጡ። ሰውየውን አትወንጅሉት፤ «መልሳችንን በኤምባሲው በኩል እናደርሳለን» ብሎ መዝጋት ለእውነተኛውም ለሐሰተኛውም ይስማማል። ከዚያ ሊንኩን፣ ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና የመጀመሪያውን ኢሜይል ሳይሰርዙ ለመረጃ ደኅንነት ክፍል ይስጡ።

ጥያቄ፦ የሚኒስትራችን ሐሰተኛ ቪዲዮ ቢሰራጭ ማስተባበያው ምን ይዞ፣ መቼ ይውጣ?

መልስ፦ የሚሻለው ቪዲዮው ሳይወጣ መጀመር ነው። የዩክሬን መንግሥት የፕሬዚዳንት ዘለንስኪ ዲፕፌክ ሊመጣ እንደሚችል በማርች 2022 መጀመሪያ ላይ ሕዝቡን አስጠንቅቆ ነበር። ማርች 16 ቀን ወታደሮች መሣሪያ እንዲያስቀምጡ የሚያዝዘው ቪዲዮ በተጠለፈ የቴሌቪዥን ጣቢያ ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ፣ ፕሬዚዳንቱ በዚያው ቀን በራሳቸው ገጽ በአጭር ቪዲዮ አስተባበሉ። ሰው ተዘጋጅቶ ስለ ጠበቀ የተደናገረው ጥቂት ነበር።

ማስተባበያው አጭር ይሁን፤ ሐሰት የሆነው የትኛው ቃል ነው፣ እውነተኛው አቋም ምንድን ነው፣ ሙሉ ንግግሩ የት ይገኛል። ቪዲዮውን እንዳለ መልሳችሁ አትለጥፉ፤ ማሳየት ግድ ከሆነ በላዩ ላይ «ሐሰት» የሚል ጽሑፍ የታተመበት ፎቶ ብቻ። የሚያስተባብሉት ቢቻል ሚኒስትሩ ራሳቸው ይሁኑ፣ ቪዲዮው በተነገረበት ቋንቋም ይናገሩ። ከመግለጫው እኩል ወይም ቀድሞ ደግሞ በቪዲዮው የተነካው አገር ከፍተኛ ባለሥልጣን በስልክ ይነገራቸው። ነገሩን ከዜና ከሰሙ በኋላ መመለስ ይከብዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ላይሠራ ይችላል። በሜይ 2017 የኳታር ዜና አገልግሎት ተጠልፎ በአሚሩ ስም ሐሰተኛ ንግግር ወጣ። ኳታር ወዲያው ብታስተባብልም የሳዑዲና የኤምሬትስ መገናኛ ብዙኃን መዘገባቸውን ቀጠሉ። ጁን 5 ቀን ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኤምሬትስ፣ ባሕሬንና ግብፅ ግንኙነታቸውን አቋረጡ፤ ኩርፊያው የተፈታው በጃንዋሪ 2021 ነው። ያኔ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አላስፈለገም፤ ጽሑፍ በቃ። ቅያሜ ቀድሞ ካለ ሐሰቱ ሰበብ ይሆናል፣ ማስተባበያም ለመስማት የፈለገን እንጂ የወሰነን አይመልስም።

ጥያቄ፦ እውነተኛ ቪዲዮስ «ዲፕፌክ ነው» ተብሎ ሊካድ አይችልም?

መልስ፦ ይችላል። የጋቦን የያኔው ፕሬዚዳንት አሊ ቦንጎ ከሕመም በኋላ ለ2019 አዲስ ዓመት ያሰሙት ንግግር ሐሰተኛ ነው የሚል ወሬ ተነዛ፤ በጃንዋሪ 7 ቀንም መፈንቅለ መንግሥት ተሞክሮ ከሸፈ። በኋላ ቪዲዮውን የመረመሩ ባለሙያዎች መጭበርበሩን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም።

መፍትሔው መዝገብ ነው። ከካሜራው የወጣውን ዋናውን ፋይል ሳይነካ ያስቀምጡ፤ በዚያው ቀን ኤስኤችኤ-256 ሃሽ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ እንደ ጣት አሻራ የሚያገለግል ኮድ) አውጥተው ሌላ ቦታ ይመዝግቡ። ከፋይሉ አንድ ቢት ቢቀየር ሃሹ ይለወጣል። ፋይሉ ከየት እንደ መጣ የሚናገር መለያ አብሮት እንዲሄድ የሚያደርገው ሲቱፒኤ የተባለ የቴክኒክ ደረጃም ይረዳል፤ ነገር ግን ብዙ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ፋይሉን ሲቀበሉ መለያውን ስለሚያራግፉት፣ መለያ የሌለው ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ደብዳቤና ትርጉም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ብንሠራ ምን ችግር አለ?

መልስ፦ ይፋ የወጣ ሰነድ ከሆነ ለመጀመሪያ ረቂቅ ይጠቅማል። ያልወጣ አቋም፣ የድርድር ሐሳብ ወይም የኤምባሲ ሪፖርት ግን በሕዝብ መገልገያ መተግበሪያ ላይ ፈጽሞ አይለጠፍ።

በትርጉም በኩል የሚበላሸው ሆን ተብሎ ለስልሶ የተጻፈው ነው። «ሊያጤነው ዝግጁ ነው» የሚለው «ይቀበላል» ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ሲነበብ የሚያምር ስለሆነም ስሕተቱ አይታይም። በብዙ ቋንቋ የጸደቀ ውል ደግሞ ስለ ውሎች ሕግ በተደረገው በ1969ኙ የቪየና ስምምነት አንቀጽ 33 መሠረት፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ፣ በሁሉም ቋንቋ እኩል ዋጋ አለው። ስለዚህ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አሉታዎችን፣ ቁጥሮችን፣ ስሞችንና ግዴታን ወይም ፈቃድን የሚያሳዩ ግሦችን አንድ በአንድ ያመሳክር። መሣሪያው የጠቀሰው አንቀጽ ካለም ዋናው ሰነድ ላይ ይፈለግ፤ የሌለ አንቀጽ ፈጥሮ መጥቀስ የታወቀ ጠባዩ ነው።

የዩክሬን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በሜይ 2024 ቪክቶሪያ ሺ የተባለች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረች ቃል አቀባይ ሲያስተዋውቅ ጽሑፉን የሚያዘጋጁት ሰዎች መሆናቸውን ተናግሯል። በየቪዲዮዋ ላይም በሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ወዳለው ይፋዊ ጽሑፍ የሚወስድ የኪውአር ኮድ አለ። ኮዱን ቀድቶ በሐሰተኛ ቪዲዮ ላይ መለጠፍ ይቻላል፤ የሚያነብ ሰው ግን የሚደርሰው እውነተኛው ጽሑፍ ላይ ነው። የራሳችሁን ቪዲዮ የምታወጡ ከሆነ ይህን ልማድ ውሰዱ፤ ኮዱ በአንድ ጥግ ለሰከንድ ብልጭ ከሚል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይታይ፣ የሚያደርሰው አድራሻም የሚኒስቴሩ እንጂ የአድራሻ ማሳጠሪያ አገልግሎት ሊንክ አይሁን።