ሲመሽ ማየት የሚያቅተው ካሜራ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሳሎናችን ውስጥ መስኮቱ ላይ ግቢውን የሚያይ ካሜራ አስገጥመናል። ቀን ላይ ምስሉ ቁልጭ ያለ ነው። ሲመሽ ግን ነጭ ጉም ይሞላዋል፤ አንዳንዴም የራሳችንን መጋረጃ ያሳየናል። በሌንሱ ዙሪያ ያሉት ትንንሽ አምፖሎች ደብዘዝ ያለ ቀይ ይበራሉ። ተበላሽቶ ይሆን? ሌላ ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ካሜራዎ ጤነኛ ነው። ያስቸገረው የራሱ ብርሃን ነው።

እነዚያ አምፖሎች ኢንፍራሬድ ኤልኢዲ ይባላሉ፤ ኢንፍራሬድ ከቀይ በላይ ያለ፣ ዓይን የማያየው ብርሃን ነው። አብዛኞቹ የሞገድ ርዝመቱ 850 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ብርሃን ይረጫሉ። የሰው ዓይን ከ700 ናኖሜትር በላይ እምብዛም አያይም። ለዚህ ነው ደብዛዛ ቀይ ብቻ የሚታይዎት። የካሜራው ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል፣ ግን ከሲሊከን የተሠራ ስለሆነ ይህን ብርሃን በደንብ ይቀበላል። ለእርስዎ ድቅድቅ ጨለማ የሆነው ግቢ ለእሱ ባውዛ በርቶበታል።

አመሻሽ ላይ ካሜራው አጠገብ ቢቆሙ “ቀጭ” የምትል ድምፅ ትሰማ ይሆናል። ሴንሰሩ ፊት ያለው ትንሽ ፊልተር ቦታ ሲለቅ ነው። ቀን ይህ ፊልተር ኢንፍራሬድን ያግዳል፤ አለበለዚያ የቅጠሉ አረንጓዴ እንኳ ቀለሙ ይበላሻል። ማታ ገለል ይላል፣ ኤልኢዲዎቹ ይበራሉ፣ ምስሉም ጥቁርና ነጭ ይሆናል።

አሁን ወደ መስኮትዎ እንምጣ። ብርሃኑ ከሌንሱ ጎን ይወጣል፣ መስታወቱን ይመታል፣ ተመልሶ እዚያው ሌንስ ውስጥ ይገባል። ካሜራው ደግሞ ደማቅ ነገር ፊቱ ሲመጣ ራሱን ለዚያ ያስተካክላል። መስታወቱ ሲያበራ ግቢው ይጨልማል። ካሜራው ለውጭ የተሠራ ከሆነ አውጥተው ይስቀሉት። ካልሆነ ከሴቲንጉ ኢንፍራሬዱን ያጥፉና ለግቢው ውጭ መብራት ያብሩለት። የሳሎኑም መብራት ካሜራው አጠገብ ባይበራ ይመረጣል።

ውጭ የተሰቀለውም ቢሆን ከዚህ ችግር አያመልጥም። ካሜራ ልገጥም ስሄድ መሰላል ከመዘርጋቴ በፊት የማየው አጠገቡ ያለውን ግድግዳና የጣሪያውን ጠርዝ ነው። ብርሃኑ እነሱ ላይ ካረፈ ማታ የሚታየው ግድግዳው ነው። የሸረሪት ድርም እንዲሁ ነው። አንዲት ክር ሌንሱ ፊት ከተወጠረች እንደ ገመድ ወፍራ፣ ነጭ ሆና ትታያለች። ለስላሳ ጨርቅ ይዘው አልፎ አልፎ ይጥረጉት። ብዙ ሰው ሲገዛ ስለ ሜጋፒክስል ብቻ ይጠይቃል። እኔ ግን ለማታ ምስል ከሁሉ የማስቀድመው ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ነው።

ርቀቱንም ያስቡበት። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። 5 ሜትር ላይ ጥሩ የሚታይ ሰው 20 ሜትር ላይ የሚደርሰው ብርሃን አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሜትር “እዚያ አንድ ነገር አለ” ለማለት ይበቃ ይሆናል፤ ፊት ለመለየት ግን በጣም መቅረብ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ቀዩ ብርሃን ካሜራው ያለበትን ቦታ ያጋልጣል። ጭራሽ የማይታይ የለም? ወይስ ነጭ መብራት ያለው ይሻላል?

መልስ፦ የማይታይ አለ። 940 ናኖሜትር የሚጠቀመውን ይጠይቁ። ሴንሰሩ ግን እሱን ደከም ባለ ሁኔታ ስለሚያይ ርቀቱ ያጥራል።

እኔን ከጠየቁኝ ለደጃፍ ነጭ ኤልኢዲ ያለውን እመርጣለሁ። ነጭ ኤልኢዲ የመጣው ሰማያዊው ኤልኢዲ ከተሠራ በኋላ ነው፤ የሠሩት ሦስት ሳይንቲስቶች በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። ለካሜራ ትልቁ ጥቅሙ ቀለም ነው። በኢንፍራሬድ ምስል የልብስ ቀለም አይታመንም። ጥቁር ሸሚዝ፣ በተለይ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ከሆነ፣ ነጣ ብሎ ሊታይ ይችላል። ይህን አጥብቄ የምናገረው የሰው ስም ስለሚነካ ነው። “ነጭ የለበሰው ነው የሰረቀው” ብሎ በማታ ምስል ብቻ ጎረቤትን መጠርጠር ትልቅ በደል ነው። እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ምስል ስታዩ ቁመናውን፣ አረማመዱን፣ ሰዓቱን ተመልከቱ፤ ቀለሙን ተዉት።

ነጩ መብራት ሌሊቱን ሙሉ የጎረቤት መኝታ ቤት ላይ እንዳይበራ ወደ ታች ያዘንብሉት። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ የሚበራውም ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ የእኛ ካሜራ ቀን ምንም አይለውም። ልክ ሲጨልም እየጠፋ ይነሳል። ምን ነካው?

መልስ፦ ኤልኢዲዎቹ ሲበሩ ካሜራው ተጨማሪ ኃይል ይስባል። ሽቦው ረጅምና ቀጭን ከሆነ ወይም አዳፕተሩ ከደከመ 12 ቮልቱ መንገድ ላይ ይወርዳል፣ ካሜራው ይጠፋል። ሲነሳ አምፖሎቹን ደግሞ ያበራል፣ እንደገና ይጠፋል። ለማረጋገጥ አንድ ማታ ኢንፍራሬዱን ከሴቲንግ አጥፍተው ይዩት። ሳይጠፋ ካደረ ካሜራውን ተዉትና አዳፕተሩን ጥሩ በሆነ ሌላ ይቀይሩ፤ ካልበቃ ወፈር ያለ ሽቦ ያስዘርጉ ወይም አዳፕተሩን ወደ ካሜራው ያስጠጉ።