የተኛው እረኛ እውነተኛ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ለንደን አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ የመዳፍ ያህል የምትሆን ሥዕል በ15 ፓውንድ ገዛሁ። አንድ ጎረምሳ እረኛ በር ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወስዶታል። ከኋላው ጉብታው ላይ ሌላ ሰው በጥማድ በሬ ያርሳል። ሻጩ «የእንግሊዛዊው ሠዓሊ የሳሙኤል ፓልመር ኤቺንግ (ከመዳብ ሰሌዳ ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል) ናት» ብሎኛል። ባለቤቴ ደግሞ «ሰው እያረሰ ይሄ ሰነፍ ይተኛል!» እያለች ትስቃለች። እውነተኛ መሆኗን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ከባለቤትዎ ልጀምር። ልጁን ያለ ስሙ ስም ሰጥተውታል። የሥዕሉ ርዕስ «የተኛው እረኛ፤ ማለዳ» ነው። ማለዳ የምትለዋን ልብ ይበሉ። በግ ሲጠብቅ ያደረ ሰው ጎህ ሲቀድ ካልተኛ መቼ ሊተኛ ነው? እኔ እንደማየው የእሱ ፈረቃ አልቋል፤ አሁን ተረኛው አራሹ ነው። አተኛኘቱን ግን ፓልመር ከገጠር አላመጣውም። ብሪቲሽ ሙዚየም ካለ ጥንታዊ የእብነ በረድ ሐውልት ነው የወሰደው። ለእረኛ ትንሽ ያማረበት ለዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ፓልመር ይህን ሥራ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1857 ነው። ኤቺንግ የጀመረው በ45 ዓመቱ ገደማ ሲሆን፣ በ1881 እስኪሞት የጨረሳቸው ከደርዘን ብዙም አያልፉም። አይፈረድበትም፣ ሥራው ፋታ አይሰጥም። መዳቡ ሰም ይቀባል፣ ሰሙ ላይ በመርፌ ይሳላል፣ ከዚያ አሲድ ውስጥ ይነከራል። አሲዱ መርፌው የገለጠውን ብቻ ይበላል፤ የተበላው መስመር ቀለም ይዞ ወረቀት ላይ ይታተማል። ፈዘዝ እንዲል የተፈለገው መስመር ቶሎ በቫርኒሽ ይደፈናል፤ መጥቆር ያለበት ተመልሶ ይነከራል። ፓልመር መስመር በመስመር ላይ ቢደርብም ጥላውን ድፍን ጥቁር አያደርገውም። በመስመሮቹ መሃል ነጩ ወረቀት ብልጭ ብልጭ እንዲል ይተወዋል። እነዚያን ክፍተቶች እሱ ራሱ ከትንንሽ ብርሃናማ ዓይኖች ጋር ያመሳስላቸው ነበር።

አሁን ሥዕሏን ከፍሬሟ ያውጡና በማጉያ መነጽር ይዩአት። ጥላው ውስጥ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ነጠብጣቦች ካዩ የዘመናችን የማሽን ህትመት ናት፤ እዚያው ያበቃል። ጥርት ያሉ መስመሮች ከሆኑ ደግሞ ጠርዙን ይዩ። መዳቡ በማተሚያው ኃይል ወረቀቱን ስለሚጫነው ዙሪያውን አራት ማዕዘን ስርጉድ ይተዋል። ወረቀቱን ወደ መብራት ጋደም ቢያደርጉት ይታያል። ይህም ሆኖ ስርጉድ ብቻውን አይበቃም፤ አስመስሎ የሚሠራ ሞልቷል። ስለዚህ ብሪቲሽ ሙዚየም የህትመትና የንድፍ ክፍል ቀጠሮ ይያዙና እነሱ ያላቸውን እውነተኛ ቅጂ አስወጥተው ያስተያዩ። ዋጋ ግን አይነግሩዎትም፤ ለዚያ የጨረታ ቤት ይሂዱ። እውነተኛ ሆና ከተገኘች በ15 ፓውንድ ሎተሪ ወጥቶልዎታል።

እስከዚያው መስኮት ፊት እንዳይሰቅሏት፤ ፀሐይ ወረቀቱን ታበላሸዋለች። ጀርባዋንም በፕላስተር እንዳይለጥፉ፣ አደራ።