ጥጥ ለምትፈሪው እህቴ

«ጥጥ ስነካ ይዘገንነኛል፤ የነርስ ትምህርቴን ልተው ወይ?» ላልሽው፣ በፍጹም! እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ነርስ ነኝ። ደረቅ ጥጥ ሲቀደድ ድምፁ ዛሬም ጥርሴን ያጠርሰኛል። ልጅ ሆኜ እናቴ እንዝርቷን ስታነሳ ወጥቼ ጣና ዳር እቀመጥ ነበር። (ደም እፈራለሁ ብትዪ ማንም አይስቅም፤ ጥጥ ስትዪ ግን ጉድ ይፈላል።)

ደም የሚፈራ ሰው የደም ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ስለሚችል ጡንቻውን እንዲያጠብቅ ይመከራል። የእኛ ግን ብዙውን ጊዜ ልብ ያስመታል እንጂ አይጥልም። የሚያዋጣው ቀስ በቀስ መልመድ ነው። እኔ መጀመሪያ የታሸገውን እያየሁ ቆየሁ። ከዚያ በጓንት፣ ቀጥሎ በአልኮል የራሰውን ነካሁ። የራሰ ጥጥ ድምፅ የለውም! ደረቁን አሁንም በፒንሳ ነው የማነሳው። ለቁስል ደግሞ ጎዝ (ስሱ የቁስል ጨርቅ) አለልሽ። አብራሽ ለምትገባው ተረኛ ንገሪያት፤ ትስቅና ደረቁን ትቀድልሻለች።